መርከቡ ይጠብቃል

አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ሲልቨር ስፕሪንግ መጥተው ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ሞል አይተዋል። ሌላ ሞል አይተዋል። ከዚያ ባለቤቴ ከሥራ ቦታ "ክሩዝ" የሚል ነገር ይዛ መጣች። ስምንት ቀን በመርከብ፣ ሜዲትራኒያንን ዙሮ መመለስ። ሻንጣ የሚፈታው አንዴ ብቻ ነው። ለባለቤቴ ሻንጣ አንዴ ብቻ መፍታት ከአገሮቹ ሁሉ ይበልጥባታል።

አማቴ መጀመሪያ "ኧረ እኔ ባሕር እፈራለሁ" አሉ። መርከቡ የሚቆምባቸውን ከተሞች ሳነብላቸው ግን ኩሻዳሲ ላይ ደረስኩ።

"የቱርክ ወደብ ነው፣ እማማ። ለኤፌሶን ቅርብ ነው።"

ቀና አሉ። "የትኛው ኤፌሶን? ንስጥሮስ የተወገዘበት?"

"መሰለኝ።"

"እንግዲያው ፍልሰታ ይፈታና እንሄዳለን።"

ጠቡ የጀመረው ቲኬት ከቆረጥን በኋላ ነው። ለካ መርከቡ የሚያደርስህ ወደብ ድረስ ብቻ ነው። ከኩሻዳሲ እስከ ኤፌሶን ፍርስራሽ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በጳውሎስ ዘመን ይሄ ችግር አልነበረም። ኤፌሶን ራሷ ወደብ ነበረች። ኋላ ወንዙ ደለሉን እያመጣ ወደቡን ደፈነው፤ ባሕሩም ሸሸ። ወንዙ ለኤክስከርሽን፣ ማለት ከወደብ ወዲያ ለሚደረግ ጉብኝት ነጋዴዎች የዋለውን ውለታ ማንም አያነሳለትም።

መርከቡ በአውቶቡስ የሚወስድበት ዋጋ ለአንድ ሰው ከመቶ ዶላር በላይ ነው። እኔ ደግሞ ዲሲ ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ሃያ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚያስከፍል ለኔ ሊነግረኝ የሚችል መርከብ የለም።

"በራሳችን እንሂድ" አልኩ።

"ብንዘገይስ?" አለች ባለቤቴ።

ወረቀቱን አነበበችልኝ። በመርከቡ አውቶቡስ ሄዶ የዘገየን መርከቡ ይጠብቀዋል። በራሱ ሄዶ የዘገየን አይጠብቅም፤ የሚቀጥለው ወደብ ድረስ በገዛ ኪሱ ይከተል። ክሩዝ ያዘወተሩ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ጨመሩበት። ሰው ሲቀር ፓስፖርቱን ከክፍሉ አውጥተው ወደቡ ላይ ላለው ወኪል ይተዉለታል፤ መርከቡም ጥሩምባውን ነፍቶ ይሄዳል።

ያኔ ነው የገባኝ። መርከቡ የሚሸጠው ፍርስራሽ አይደለም። መጠበቅን ነው የሚሸጠው። ይሄ ነገር ለሐበሻ እንዴት ይሸጣል? እኛ እኮ ዕድሜ ልካችንን የተጠበቅነው በነጻ ነው። ስድስት ሰዓት ተብሎ የተጠራ ሰርግ ላይ ስምንት ሰዓት ስንደርስ ሙሽራዋም ገና አልመጣችም። ማን ከፍሎ ያውቃል?

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። እናትና ልጅ በመርከቡ፣ እኔ በራሴ። እኔ ብቀር ሻንጣዬን አንዴ ፈትቻለሁና ችግር የለም ተባለ።

የዕለቱ ዕለት በር ሥር የገባው ወረቀት "16፡30 ሁሉም ይሳፈር" ይላል። ለአማቴ "አሥር ሰዓት ተኩል" ብዬ ተረጎምኩ። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ "ፎር ሰርቲ" ስትል ሰምተው "አራት ተኩል ነው ወይስ አሥር ተኩል?" አሉ። አሥር ተኩል ነው አልን። "ታዲያ አንድ ቃል ተናገሩ" አሉ።

ደረታቸው ላይ 14 ቁጥር ተለጠፈ። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ተሰካ። አስጎብኚው 14 የተጻፈበት መቅዘፊያ የመሰለ ነገር ከፍ አድርጎ ይዞ ቀደመ። አርባ ሰው ተከተለው። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። እናቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ጥላው እንደምትሄድ ልጅ።

እኔ የወደቡን በር እንዳለፍኩ "ማይ ፍሬንድ" የሚሉኝን ሰዎች ታግዬ ሚኒባሱን አገኘሁት። ዶልሙሽ ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ሹፌሩን በምልክት ጠየቅኩት። በእጁ የሚሞላ ብርጭቆ አሳየኝ። "የሞላ" ማለት ነው! ሰውዬው ሁለት ሰው ስለጎደለው አይንቀሳቀስም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ውቅያኖስ አቋርጬ፣ በባሕር ተንሳፍፌ፣ መጨረሻ የደረስኩት ሜክሲኮ አደባባይ ነው። የጎደለው ወያላ ብቻ ነበር።

መገንጠያው ላይ አወረደኝ። ከዚያ በነሐሴ ፀሐይ በእግር። የገባሁት በታችኛው በር ነው። የመርከብ ሰዎችን ግን በላይኛው በር ያወርዷቸዋል፤ ቁልቁል ሲጎበኙ ወርደው አውቶቡሳቸው ታች ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ እኔ ዳገቱን ስወጣ ዓለም በሙሉ ወደኔ ይወርዳል። ዘጠኝ ቁጥር፣ ሃያ ሁለት ቁጥር፣ ሰባት ቁጥር። ለአንድ ሰዓት ያህል "ይቅርታ" ስል ቆየሁ። ዕብነ በረድ የሆነውን የሕዝብ መጸዳጃ አየሁት። በሮማውያን ዘመን ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጨዋወቱበት ነበር። መጋረጃ የሚባል የለም። እዚያም አንድ ቡድን ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

14 ቁጥርን ያገኘኋቸው የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ፊት ነው። አሥራ ሁለት ሺህ ያህል ጥቅልል መጽሐፍ ነበረበት የሚባለው። ፊቱን በ1970ዎቹ ነው ከወደቀበት አንስተው ያቆሙት። አስጎብኚው ፎቶ እንዲነሱ አሥር ደቂቃ ሰጣቸው። አብሬያቸው ወደ ቲያትሩ ወረድኩ። ሃያ አምስት ሺህ ሰው ይይዛል። ብር አንጥረኛው ድሜጥሮስ የጣዖቷን የአርጤምስን ቤት በብር እየሠራ ሲሸጥ፣ ጳውሎስ በስብከቱ ገበያውን ስለዘጋበት ከተማውን ያስነሳው እዚህ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጮኹ። የሐዋርያት ሥራ እንደሚለው ከጮኸው ሰው የሚበዛው ለምን እንደተሰበሰበ አያውቅም ነበር። 14 ቁጥርን ዞር ብዬ አየኋቸው። ግማሾቹ ጥላ ፍለጋ ላይ ናቸው።

"ቀጥሎ ወደ ምንጣፍ ቤት ነው" አለ አስጎብኚው። "የፖም ሻይ በነጻ ይጋበዛሉ።" ድሜጥሮስ አልሞተም ማለት ነው።

አማቴ እጄን ያዙኝ። "ጉባኤው የት ነው የተደረገው?"

አስጎብኚውን ጠየቅኩላቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ የለም፤ ግን ቅርብ ነው፤ ከመውጫው አጠገብ በዚያኛው መንገድ አለ። አማቴ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው አንድ ቃል ተናገሩና ተከተሉኝ። "ነገሯት?" አልኳቸው። "ነግሬያታለሁ።"

የማርያም ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የለውም። ረጅምና ጠባብ ነው፤ የተቆረጠ ዓምድ፣ የደረቀ ሣር። ሰው የሚባል የለም። አንዲት ድመት ብቻ። አማቴ ጫማቸውን አወለቁ። ድንጋዩ ይፋጃል። "እማማ እግርዎ!" አልኩ። አልሰሙኝም። ድንጋይ ተሳልመው ነጠላቸውን አመሳቅለው ቆሙ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። እኔ ኮፍያዬን አውልቄ ወደ ጎን ሆንኩ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት አፍሬ ነበር።

ሲጨርሱ ዙሪያውን በዓይናቸው ለኩት። "ሦስት መቶ አሥራ ስምንት በኒቅያ፣ መቶ ሃምሳ በቁስጥንጥንያ፣ ሁለት መቶ በኤፌሶን" አሉ። "ሁለት መቶ ሰው? ይበቃል። ድንኳንም አያስፈልግ።"

የማውቀውን ነገርኳቸው። በ431 እ.ኤ.አ. ጉባኤው ሊጀመር የአንጾኪያው ዮሐንስና ጳጳሳቱ በየብስ እየመጡ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። የእስክንድርያው ቄርሎስ አልጠበቃቸውም። ጉባኤውን ከፍቶ የቁስጥንጥንያውን ፓትርያርክ ንስጥሮስን አስወገዘ። እነሱ ከቀናት በኋላ ሲደርሱ ነገሩ አልቋል።

"ደግ አደረገ" አሉ አማቴ። "ሰዓት ሰዓት ነው። በራሳቸው ነዋ የመጡት።"

ወደ መውጫው ስንመጣ 14 ቁጥር የለም። ቦታው ላይ ሌላ አውቶቡስ ቆሟል።

"ለልጅዎ ምን ነበር ያሏት?"

"መጣሁ አልኳት።"

ሆዴ ተገለበጠ። በአማርኛ "መጣሁ" ብሎ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አለ? ባለቤቴ መጸዳጃ ቤት ሄዱ ብላ ነው የምታስበው። ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። መርከቡ ስለ ሮሚንግ ዋጋ ሲያስፈራራን ሰንብቶ ነበርና ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋዋለች። ያለ እናቷ ወደ ምንጣፍ ቤት ሄደው ይሆናል አልኩ። መንገድ ላይ ቆመን እጅ ስናወጣ አንድ ዶልሙሽ ቆመ። ዶልሙሹ ዶልሙሽ ነበር፤ መቀመጫ የለውም። አንድ ወጣት ለአማቴ ተነሳላቸው። እኔ አንገቴን ሰብሬ በትርፍ ቆምኩ። "ይሄማ አገሬ ነው" አሉ አማቴ፣ በጉዟችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተመቻችተው።

ከአሥር ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ደረስን። መግቢያው ላይ ካርዳቸው "ቲን" አለ። ጠባቂው ኮምፒውተሩን አየ፣ አማቴን አየ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየ። ሬዲዮኑን አነሳ። ለካ 14 ቁጥር ኤፌሶን ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ አማቴን ሲፈልግ ነው የዋለው። ቲያትሩን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ መጸዳጃውን ፈልገዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ፕሮግራም ውስጥ ስለሌለ ማንም አላሰበውም። አውቶቡሱም መውጫው ጋ ቦታ ስላጣ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ነበር። ምንጣፍ ቤቱ ቀርቷል። (ስንት ዶላር እንዳተረፍኩ በልቤ አሰላሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።)

አሥር ተኩል ሆነ። መርከቡ አልተንቀሳቀሰም። ጥሩምባውን አልነፋም። ከፍለናላ።

አማቴ ላይኛው ፎቅ ላይ ሻይ ይዘው ተቀመጡ። ሃያ ደቂቃ አልፎ አውቶቡሱ ብቅ አለ። ሰዉ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ለዘገዩት ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። ባለቤቴ ከፊት ናት። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትሮጣለች።

አማቴ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። ወደኔ ዞሩ።

"አየሃት? ከልጅነቷም ሰዓት አታከብርም።"