እንጀራ የምትገዛዋን ሴት ተዉአት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። «ሴት ልጅ ደግሞ እንጀራ ትገዛለች?» የምትሉትን ነገር አቁሙ።

በሰፈራችን አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ባለሙያ ናት። የጋገረች ቀን እንጀራዋ ዓይኑ ያምራል፤ እንጀራ ሻጯ ጎረቤቷ አትደርስባትም። ግን ትገዛለች። ሐሜቱ አይጣል ነው። ሰነፈች፣ ሙያዋን ረሳች፣ ገንዘብ ትበትናለች። እኔም አንድ ቀን ከሚያሟት ጋር ቡና ጠጥቼ ዝም ብያለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

እስቲ አብረን እናስላ። በአንድ ቀን ወይ 60 እንጀራ ትጋግራለች፣ ወይ 3 ቀሚስ ትሰፋለች እንበል። ጎረቤቷ ደግሞ ወይ 40 እንጀራ፣ ወይ 1 ቀሚስ። ልብስ ሰፊዋ በሁለቱም ትበልጣለች። ይህ ፍጹም ብልጫ ይባላል። ብዙዎቻችን ሒሳቡን እዚህ ላይ ዘግተን እንነሳለን። ዋናው ጥያቄ ግን ገና ነው፤ አንዱን ስትሠራ ከሌላው ምን ይቀርባታል? ልብስ ሰፊዋ 1 ቀሚስ ስትሰፋ 20 እንጀራ ይቀርባታል። ጎረቤቷ 1 ቀሚስ ልስፋ ካለች 40 እንጀራ ይቀርባታል። አንድ ቀሚስ በ30 እንጀራ ቢለዋወጡ ልብስ ሰፊዋ በዚያው ጊዜ ራሷ ከምትጋግረው 20 እንጀራ 10 አስበልጣ ታገኛለች። ጎረቤቷም በ40 የምትለብሰውን በ30 ለበሰች። ማንም ማንንም አልበላም። አንጻራዊ ብልጫ ማለት ይኸው ነው። በሁሉም የምትበለጠዋ ሴት እንኳ የምታተርፍበት ሥራ አላት።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶ ይህንኑ ነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1817 በእንግሊዝና በፖርቱጋል አስረድቶታል። በእሱ ምሳሌ ፖርቱጋል ለወይን ጠጁ የ80፣ ለጨርቁ የ90 ሰው የዓመት ጉልበት ይበቃታል። እንግሊዝ ለወይኑ 120፣ ለጨርቁ 100 ሰው ያስፈልጋታል። ፖርቱጋል በሁለቱም ትበልጣለች። ሆኖም ወይኗን ሰጥታ ጨርቅ ብትወስድ የ10 ሰው ጉልበት ይተርፋታል። ለእንግሊዝ ደግሞ የ20።

እና እባካችሁ፣ «ቻይና ሁሉንም ከእኛ በተሻለ ይሠራል፣ እኛ ምን አለን?» ብላችሁ እጃችሁን አታጣጥፉ። ሁሉንም ራሳችን እናምርት፣ ከውጭ ምንም አይግባ ብላችሁም አትፎክሩ። ሁለታችሁም ምን ይቀርብናል ብላችሁ አልጠየቃችሁም። ለአንድ ፋብሪካ የሰጠነው መሬት፣ መብራትና ዶላር ከሌላ ሥራ ላይ የተነሳ ነው።

የሚጎዳ ሰው የለም አልልም። አለ። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ከውጭ በገባ አስመሳይ ጥበብ ገበያው ሲወሰድበት፣ አገር በጠቅላላው አተረፈች ብንለው ልጆቹን አያበላለትም። ከትርፉ ሊደርሰው፣ ሌላ ሥራ የሚለምድበት ጊዜም ሊያገኝ ይገባል። በዚህ ላይ የምትከራከሩ ከሆነ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ።

ደግሞም አንጻራዊ ብልጫ ከሰማይ የወረደ ዕጣ አይደለም። ቡናችንን ዛሬም በአብዛኛው ጥሬውን እንልከዋለን። ቆልቶ፣ አሽጎና ስም አውጥቶ መሸጥ ግን የሚለመድ ሥራ ነው። የቃኘው ሻለቃ የዘመተላትን ደቡብ ኮሪያን ተመልከቱ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የብረት ፋብሪካ አያዋጣትም ተብላ ብድር ተከልክላ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1973 የፖሃንግ ፋብሪካዋ ብረት ማምረት ጀመረ።

ልብስ ሰፊያችንም መቀስ ይዛ አልተወለደችም። ስትጀምር እጅጌ አጣማ ትሰፋ ነበር፤ የለበሱት ያውቃሉ። እጇ የተፈታው እንጀራ እየገዛች ባተረፈችው ሰዓት ነው።