ቱዊተሩን ያቃጠለው አገጣጠሙ ነው

ኧረ ተዉ! አዳማ ውስጥ የመኪና ቱዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) በተቃጠለ ቁጥር «ዕቃው ፎርጅድ ነው» መባሉ ሰለቸን። አክቲቭ ክሮስኦቨር ላይ፣ ማለትም ድምፁ በአምፑ (በማጉያው) ከመጉላቱ በፊት ወደ ቀጭንና ወፍራም ሲከፋፈል፣ ቱዊተሩ በቀጥታ አምፑ ላይ ነው የሚታሰረው፤ መሃል ላይ የሚከላከልለት የለም። ቻናል (የአምፑ መውጫ) ተምታቶ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ከገባበት በሰከንዶች ያልቃል። ለ4 ኦም ቱዊተር 40 ማይክሮፋራድ ገደማ የሆነ፣ ፖላሪቲ የሌለው (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የማይለይ) ካፓሲተር በተከታታይ ቢገባለት ከ1000 ሄርትዝ በታች ያለውን ያዳክምለታል። ይህችን እንኳ! ቱዊተሩ ከመታሰሩ በፊት እያንዳንዱን ቻናል በርካሽ ስፒከር መፈተሽስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

የክሮስኦቨሩ መነሻ ልክ ይታወቃል፦ ሰብዉፈር (የቤዙ ስፒከር) ከ80 ሄርትዝ በታች፣ ሚድ (የመካከለኛው ድምፅ ስፒከር) ከ80 እስከ 3500፣ ቱዊተር ከዚያ በላይ፣ ሁሉም ከወሰኑ ውጭ ያለውን በኦክታቭ (ድግግሞሹ በእጥፍ በራቀ ቁጥር) በ24 ዴሲቤል እየቀነሱ። ታዲያ ይህን ቴፑ ላይ ሞልቶ የአምፑንም ማጣሪያ እንደበራ መተው ምን የሚሉት ነው? ሁለቱ ሲደራረቡ መገናኛው ላይ ድምፁ ይጎደጉዳል። የአምፑ የማጣሪያ ማብሪያ «ፉል» (ያለ ማጣሪያ) ላይ ይሁን!

ጌይን (አምፑን ከቴፑ ሲግናል ጋር ማመጣጠኛው) ቮልዩም አይደለም። እስከ ጥግ አዙሮ፣ አምፑን አየር በማያገኝበት ወንበር ስር ወትፎ፣ በዚህ በአዳማ ሙቀት አምፑ ራሱን ለመከላከል ሲጠፋ «ፕሮቴክት የገባው ከባትሪው ነው» እያሉ ደንበኛ ማመላለስ ግፍ ነው።