«ደሟ አልሳባት አለ?»

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ዘጠኝ ወር የሆናትን ልጇን ይዛ ከአሜሪካ መጣች። እናቴ የልጅ ልጇን ገና ከማቀፏ ሕፃኗ ቤቱን በለቅሶ አናጋችው። ከጎናችን የነበሩ አንድ ዘመድ «ምነው፣ ደሟ አልሳባት አለ?» አሉ። እንደ ዘበት የተጣለ ቃል ነበር፤ የእናቴ ፊት ግን ጠቆረ። የምጽፈው ለእሷ ስል ነው።

ሕፃን የዘመዱን መልክ ይዞ አይወለድም። ይዞት የሚወለደው ፊት ፈላጊነትን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተወለዱ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሆናቸው ሕፃናት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በየቦታቸው የተሣሉበትን ሥዕል፣ ከተዘበራረቀው ይልቅ ራቅ አድርገው በዓይናቸው ይከተላሉ። የእናታቸውን ፊትም በጥቂት ቀናት ይለያሉ። ሆኖም በ1995 ተመራማሪው ኦሊቪየር ፓስካሊስና ባልደረቦቹ ለእናትየዋም ከጎኗ ለቀረበችው ለሌላ ሴትም ሻሽ ሲያስሩላቸው የአራት ቀን ሕፃናት እናታቸውን መለየት ተሳናቸው። ለካ የያዙት የፀጉሯን ዳርቻ ኖሯል! አራስ ሻሿን በማትፈታበት አገር ላደግሁት ለእኔ ይህ እጅግ አስገራሚ ነው፤ የእኛ ልጆች በእናታቸው ድምፅና ጠረን የሚመሩ መሆን አለባቸው።

ስለ ደም የሚነሣውን ነገር የሚመልሰው ግን ያይር ባር-ሃይምና ባልደረቦቹ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ነው፤ እኛኑ ይመለከታልና። የሦስት ወር ሕፃናት የነጭና የጥቁር ሰው ፊት ጎን ለጎን ታያቸው። በእስራኤል ያሉ ነጭ ሕፃናት ነጩን፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩት ጥቁሩን አብልጠው አዩ። በእስራኤል በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል የሚያድጉት የቤተ እስራኤል ልጆች፣ ሁለቱንም ዕለት ዕለት የሚያዩት፣ ለአንዱም አላደሉም። ደማቸው ከኢትዮጵያዎቹ አይለይም፤ የተለየው ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው ፊት ነው። የተጠኑት ሕፃናት ጥቂት ናቸው፤ አብልጦ ማየትም መውደድ አይደለም። ቢሆንም «ደም ይስባል» ለሚል ሰው ከዚህ የቀረበ መልስ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ለምን አለቀሰች? በዚያ ዕድሜ አዲስ ሰው መፍራት የተለመደ ነው። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በ1985 በታተመ ጥናት የአንድ ዓመት ሕፃናት ከሥሩ ጎድጓዳ በሚታይበት፣ ግን በሚያሻግር የመስታወት ወለል ላይ ሲደርሱ የእናታቸውን ፊት ቀና ብለው ያያሉ። እናታቸው ፈገግ ካለችላቸው 19 ልጆች 14ቱ ተሻገሩ፤ የፈራ ፊት ካዩት 17 ልጆች አንድም አልተሻገረም። በዚያ ቀን እህቴ ከስድስት ዓመት በኋላ እናቷን አግኝታ በእንባ ታጥባ ነበር። የዘጠኝ ወር ልጅ የናፍቆትን እንባ ከሐዘን በምን ትለየው?

ስለዚህ እንግዳ ሕፃን ከበር ላይ ተቀብሎ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ማዞሩ ቢቀር እላለሁ። እናቱ ጭን ላይ ይቀመጥ፤ አያት ከልጇ ጋር ትጫወት፤ ሕፃኑ ሁለቱንም ይያቸው። በአራተኛው ቀን ቡና ተፈልቶ እህቴና እናቴ ሲሳሳቁ፣ ልጅቱ እጇን ዘርግታ የአያቷን ሻሽ ያዘች።