ካምፖንግ ፍሉክ አይንሳፈፍም

ወንድሜ፣ የካምፖንግ ፍሉክ ፎቶህ ያምራል። «የካምቦዲያው ተንሳፋፊ መንደር» ያልከው ግን ልክ አይደለም። አስጎብኚዎችም እንዲሁ እያሉ ስለሚሸጡት አልፈርድብህም። የካምፖንግ ፍሉክ ቤቶች ንቅንቅ አይሉም። የተሠሩት መሬት ውስጥ በተተከሉ ረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ነው። እኛ ጋ ጎተራ ከመሬት ከፍ ተደርጎ እንደሚቆመው በለው፤ የነሱ ቁመት ግን 6 ሜትርና ከዚያም በላይ ነው።

አንተ ያየኸው ውሃው ሞልቶ ወለሉ ሥር ሲደርስ ነው። በደረቁ ወራት ብትሄድ የቤቱን በር አንገትህን ቀና አድርገህ ነው የምታየው። ታች አቧራማ መንገድ አለ፤ ዳር ዳሩን ትናንሽ ሽሪምፕ እንደ እህል ይሰጣበታል። ልጆች ይሯሯጡበታል።

ነገሩ የሜኮንግ ወንዝ ሥራ ነው። በዝናብ ወቅት ሲሞላ የቶንሌ ሳፕን ወንዝ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ወንዙ ዞሮ መንደሩ ወዳለበት ወደ ቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ይፈስሳል። አዎ፣ ወደ ኋላ! የሐይቁ ጥልቀት ከ1 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ 9 ሜትር ይደርሳል።

የምር የሚንሳፈፍ ቤት ከፈለግክ እዚያው ሐይቅ ላይ እንደ ቾንግ ክኒያስ ያሉ መንደሮች አሉልህ። በበርሜልና በቀርከሃ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ውሃው ሲሸሽ በጀልባ እየተጎተቱ ይከተሉታል።