ጀሪካኑን ማን ያውጣላቸው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሰባት ዓመታችን ነው። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣም ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ሊፍት ደግሞ የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ክረምት ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ጀሪካኑን እስከ ግማሽ ሞልተውታል። ሁለት ደረጃ ይወጣሉ፣ ቁጭ ያደርጉታል፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ መልሰው ያነሱታል።

በዚያው ቀን የብሎካችን ልጆች ቲሸርት ለብሰው ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ነበር። መሄዳቸው አስደስቶኛል። የክረምት በጎ ፈቃድ የስንት አቅመ ደካማ ቤት ጣሪያ እንዳስቀየረ፣ ስንት ልጅ ነጻ ማጠናከሪያ ትምህርት እንዳገኘበት አውቃለሁ። ግን እነዚህ ልጆች በእማማ በር በየቀኑ ያልፋሉ። ጀሪካኑን አላዩትም። አልወቅሳቸውም፤ ያላሳየናቸው እኛ ነን።

እኛ አገር ወጣቱን ለአገልግሎት የምንጠራው በዘመቻ ነው። ልማዱ የቆየ ነው። በ1967 በእድገት በኅብረት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ያ ግዴታ ነበር። ዛሬ ስሙ በጎ ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ ከሆነ ታዲያ ስም መጥራትና ማርክ መስጠት ባይኖርበት ደስ ይለኛል። ለማርክ የመጣ ልጅ ማርኩን ሲያገኝ ይሄዳል።

ዘመቻ ሌላም ችግር አለበት፤ ያልቃል። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ወዲህ በየክረምቱ እንተክላለን። ችግኙ ውሃ የሚጠማው ግን በበጋ ነው፣ ሁሉም ወደየቤቱ ከገባ በኋላ። ጥር ላይ ከብሎካችን ፊት ለፊት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አየሁ። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስታ፣ ሃይላንዱን ውሃ ሞልታ ከችግኙ ሥር ዘቅዝቃ ቀብራዋለች። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ማን አሳየሽ ስላት «የሳይንስ ቲቸር» አለችኝ። ያ መምህር እጁ ይባረክ። በሦስት ቀን አንዴ እየመጣች ትሞላዋለች። ማንም ፎቶ አላነሳትም።

እኔ ያደግኩት በእድር ነው። ልቅሶ ሲኖር አግዳሚ ወንበር የምንሸከመው፣ ድንኳን የምንተክለው፣ ለለቀስተኛ ውሃ የምናዞረው እኛ ልጆቹ ነበርን። ማንም ቁጭ አድርጎ ስለ በጎነት አላስተማረንም። «ና ያዝ» ነው የተባልነው። አሁን ድንኳኑም ወንበሩም በኪራይ ይመጣል፣ ልጆቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። ከየሰፈሩ ተነቅለን የመጣን ሰዎች ስለሆንን ገና በደንብ አልተዋወቅንም። ስለዚህ የብሎክ ኮሚቴውም እድሩም ሁለት ሁለት ወጣት አባል ያድርግ እላለሁ። ድምፅ ይኑራቸው። በየደረጃው ብቻውን የሚኖር ማነው፣ መድኃኒት የሚያመጣለት የሌለው ማነው፣ እነሱ ይጠይቁ። ሁለት ሆነው ይሂዱ፣ ወላጅ ይወቅ፣ ባለቤቱም ይፍቀድ። አረጋዊ ስለሆነ ብቻ ቤቱ ዘው ተብሎ አይገባም። ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ደም ለመለገስ 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ግማሽ ጀሪካን ለማንሳት ግን 14 ይበቃል።

ያን ቀን ጀሪካኑን ይዤ ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጎረምሳ ከቤት ወጣ። «ና እስቲ በዚህ በኩል ያዝልኝ» አልኩት። ያዘልኝ። አሁን እማማ ውሃ በሚመጣበት ቀን ባዶ ጀሪካናቸውን በራቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወስዶ ሞልቶ ያመጣላቸዋል። ባለፈው ሳምንት ፈተና ነበረበት። ታናሽ እህቱን ከጓደኛዋ ጋር ልኳት ነበር።