ከካሜራው በፊት ካውያው

የድሮ ኮምፒውተር እየጠገኑና እያሳዩ ቪዲዮ መሥራት በውጭ አገር ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። አሜሪካዊው ክሊንት ባሲንገር «ኤልጂአር» በሚል ስም የሚታወቀውን ቻናሉን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የቴክሳሱ ዴቪድ ሙሬይም «ኤይት ቢት ጋይ» በሚለው ቻናሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተከታይ አፍርቷል። እነዚህን እያየ ያደገ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ወጣት «እኔስ ብሞክረው?» ቢል አይፈረድበትም። ይቻላል። ችግሩ አብዛኛው ጀማሪ ነገሩን ከጅራቱ መያዙ ነው፤ ካሜራ፣ መብራትና ማይክ ይገዛና ከዚያ በኋላ የሚያሳየው ዕቃ ፍለጋ ይዞራል።

የሙሬይን ቻናል የድሮ ስም ያየ ሰው ቅደም ተከተሉ ይገባዋል። እስከ 2015 ድረስ «አይቡክ ጋይ» ነበር የሚባለው፤ ሰውየው የአፕልን አይቡክ ላፕቶፖች እየጠገነ መልሶ ይሸጥ ነበርና። ዛሬም ቢሆን ለአሮጌ ማሽኖች ራሱ የጻፋቸውን ጌሞች ይሸጣል። ሥራው ቀድሞ ነበር፤ ቪዲዮው ሥራውን ተከትሎ መጣ።

ከማስታወቂያ ብቻ እንኖራለን ለሚሉት ሒሳቡ ግልጽ ነው። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለመክፈል 1,000 ተከታይ፣ በ12 ወር ውስጥም 4,000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው ለባለቻናሉ ነው። የማስታወቂያው ዋጋ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው ተመልካቹ ባለበት አገር ነው። አንድ ሺህ ተመልካች ከዋሽንግተንና አንድ ሺህ ተመልካች ከሐይቅ ከተማ እኩል አያስገኙም። በአማርኛ ስለ ማዘርቦርድ የሚያወራ ቻናል ከዚህ የሚያገኘው፣ ቢያገኝ፣ የኢንተርኔቱን ወጪ ቢሸፍን ትልቅ ነገር ነው። እንጀራው ያለው ከጥገናው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቪዲዮው ደንበኛ ይጠራል።

ስለ ዕቃው ደግሞ፣ ኮሞዶር 64 እንርሳው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ያለው ታሪካዊ ማሽን መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በእኛ ቢሮ ማን ሠራበት? ከውጭ አስመጥቶ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ በእንግሊዝኛ በሺህ ጊዜ የተነገረውን በአማርኛ መድገም ትርፉ ድካም ነው። የእኛ የድሮ ኮምፒውተር ፔንቲየም 2፣ ፔንቲየም 3 እና ፔንቲየም 4 ነው። ዊንዶውስ 98 ወይም ኤክስፒ የተጫነበት፣ መልኩ ወደ ቢጫ የዞረ፣ በትምህርት ቤት መጋዘን፣ በጽሕፈት ቤት ጓዳና በተዘጋ ኢንተርኔት ካፌ የተከመረው። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰውም በየጥገና ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያገኘዋል።

ከብረቱ ይልቅ ደግሞ በውስጡ ያለው ይበልጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ወደሆነው የኮምፒውተር ኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ዕትም ነው። ማይክሮሶፍትም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር ማቅረብ የጀመረው በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤውና ውሉ የተጻፈው ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና መሰሎቻቸው በሆኑ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ነበር። የዚያ ዘመን ፎንት የሚይዘው ቦታ ቢበዛ 256 ነው፤ ፊደላችን ዲቃሎቹን (እንደ ሏ፣ ቋ ያሉትን)፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ጨምሮ ከ300 ያልፋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ ያልበቃውን ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎንት አሻገሩት። አሰላለፉም እንደየፕሮግራሙ ይለያያል። ፋይሉን ዛሬ በአዲስ ላፕቶፕ ሲከፍቱት ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ የሚመጣው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት አለ። «ጽሑፉን ብቻ ላውጣው» ብሎ ፋይሉን ወደ ተራ ቴክስት ይቀይረዋል። ተራ ቴክስት የፎንት ስም አይዝም። አንድ ኮድ በአንደኛው ፎንት «ለ» ሆኖ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ከሆነ፣ የትኛው እንደነበር የሚናገረው የፎንቱ ስም ብቻ ነው፤ እሱ ከጠፋ ሰነዱ መቼም አይመለስም። መደረግ ያለበት ዋናውን የወርድ ፋይል ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ ከዚያው ማሽን የዊንዶውስ ፎንቶች ፎልደር ውስጥ የፎንቶቹን ፋይሎች (ቲቲኤፍ) በሙሉ መቅዳት፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ፎንት ስም የራሱን የመቀየሪያ ሠንጠረዥ መሥራት ነው። የተቀየረው ከዋናው ጋር ጎን ለጎን በዓይን ይታያል፤ በተለይ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቹ ውስጥ ሲገባ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ንብረታቸው ተዘርፏል፤ ወድሟልም። አዲሱ ኮምፒውተር የሄደበት መሥሪያ ቤት፣ የቀድሞ ሰነዱ የተረፈው በተጣለው የፔንቲየም 4 ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንን ማውጣት የሚችል ሰው ሥራ አያጣም።

ዕቃው በሦስት መንገድ ይገኛል፤ ከቁራሌው፣ ከጥገና ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት ጨረታ። ከቁራሌው ሲገዛ ቶሎ መድረስ ነው፤ እሱ ኮምፒውተርን የሚያየው በኪሎ ስለሆነ መዳቡን ለማውጣት ኬብሉን ይቆርጣል። የመንግሥት ንብረት ከሆነ ያለ ጨረታና ያለ ደረሰኝ «ውሰደው፣ ማን ይፈልገዋል» ቢባልም አይነካም። ቪዲዮ ላይ የወጣ የንብረት ቁጥር ነገ መጠየቂያ ይሆናል።

መጀመሪያ የሚታየው ከኋላ ያለው የፓወር ሰፕላይ ማብሪያ ጎን ያለችው ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ናት። ከአሜሪካ በዕርዳታ ወይም በዘመድ የመጣ ማሽን 115 ላይ ሊሆን ይችላል። እንደዚያው በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ፣ ውስጥ ያለው ቮልቴጁን እጥፍ የሚያደርገው ክፍል ከ600 ቮልት በላይ ያወጣል። እዚያ ያሉት ሁለት ትላልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ብዙውን ጊዜ የሚችሉት እያንዳንዳቸው 200 ቮልት ነው፤ ይፈነዳሉ። መቀየሪያዋን 230 ላይ አድርጎም ወዲያው አይሰካም። የ100 ዋት የድሮ ክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ ይገባል፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ።

ቀጥሎ በቴስተር መለካት ነው። ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያያይዘው ትልቁ (ኤቲኤክስ) ማገናኛ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ማገናኘት ፓወሩን ያስነሳል፤ ግን ያለ ጭነት የሚለካው ቁጥር ያታልላል። የማያሳሳ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ይሰካበት። ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መሆን አለበት።

ከ1999 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች በመጥፎ ካፓሲተር የታወቁ ናቸው። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት ጫፋቸው ያብጣል ወይም ቡናማ ዝቃጭ ያወጣል። ማሽኑ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይቆማል፤ ሰውም ጥፋቱን በዊንዶውስ ላይ ይለጥፋል። ሲቀየር ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም በላይ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ፣ ዓይነቱም «ሎው ኢኤስአር» (ውስጣዊ ተቃውሞው ዝቅተኛ) የሚባለው ይሁን። ከራዲዮ መለዋወጫ ሱቅ የሚገኘው ተራ ባለ 85 ዲግሪ ይሠራና በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ደንበኛውም አብሮ። የ30 ዋት የሶልደር ካውያ በማዘርቦርድ ግራውንድ ላይ ያለውን ሶልደር አያቀልጥም፣ ምክንያቱም ሰፊው የመዳብ ንጣፍ ሙቀቱን ይውጠዋል። ያኔ ሰው ይጎትታል፤ የቀዳዳው ውስጠኛ መዳብም ተነቅሎ ይወጣል። 60 ዋት፣ ትንሽ አዲስ ሶልደር ጨምሮ፣ እግሩን በየተራ ማላቀቅ ነው። አንዳንድ ቦርድ ላይ የጠቆረው ግማሽ ኔጌቲቭ ሳይሆን ፖዘቲቭ ስለሆነ ከመንቀል በፊት ፎቶ ይነሳ። ይህ ፎቶ ቪዲዮውም ውስጥ ይገባል።

አሁን ሃርድ ዲስኩ። ማሽኑ እንደተስተካከለ ዊንዶውሱን ማስነሳት ያጓጓል፤ ለካሜራም ጥሩ ነው። አይደረግም። ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ሊሞት የተቃረበ ዲስክ ደግሞ ያቺ መነሳት የመጨረሻው ልትሆን ትችላለች። ተነቅሎ፣ ጃምፐሩ ማስተር ላይ ሆኖ፣ የራሱ የ12 ቮልት አስማሚ ባለው፣ የድሮውን የዲስክ ማገናኛ (አይዲኢ) ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ዕቃ ወደ ሊኑክስ ማሽን ይሄዳል። በራሱ እንዳይከፍተው የሊኑክሱ አውቶማቲክ ማውንት ይጥፋ። ከዚያ ዲዲሬስኪው በተባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም ሙሉ ግልባጭ ይወሰዳል፤ መጀመሪያ የተበላሸውን እየዘለለ ጤነኛውን ያንሳ፣ ከዚያ ወደ ክፉው ቦታ ይመለስ። የሎግ ፋይሉን መርሳት አይገባም፤ መብራት ቢጠፋ ከቆመበት የሚቀጥለው በእሱ ነው። በደሴ መብራት ይጠፋል።

የደሴ ከፍታም የራሱ ነገር አለው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ሲሆን አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት እስከ 3,048 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ደሴ ውስጥ ይሠራል፣ ግን ትርፉ ብዙ አይደለም። ቀጭን አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ብትሆንም ትሞቃለች። በሁለቱም ከተማ ቴርማል ፔስቱ ሳይታደስና ፋኑ ሳይጸዳ ማሽን ለሰዓታት ማስኬድ ጥሩ አይደለም።

ወደ ቀረጻው እንምጣ። ትልቁ ፈተና ባለ ቱቦው የድሮ (ሲአርቲ) ሞኒተር ነው፤ በስልክ ሲቀረጽ ጥቁር መስመር ይሮጥበታል። መፍትሔው የሞኒተሩን የመታደስ ፍጥነትና የካሜራውን የሻተር ፍጥነት ማስማማት ነው። እዚህ አገር ግን ሦስተኛ አካል አለ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። ካሜራውን ለ60 ኸርዝ ሞኒተር ብለው 1/60 ላይ ሲያደርጉት አምፖሉ ይንቀጠቀጣል፤ ለአምፖሉ ብለው 1/50 ሲያደርጉት ሞኒተሩ። ሁለቱን የሚያስታርቀው ሞኒተሩን 640 በ480 ላይ 100 ኸርዝ ማድረግ ነው፤ የዊንዶውስ 98 የግራፊክስ ድራይቨር ከፈቀደ ብዙ ባለ 17 ኢንች ሞኒተር ይችለዋል። ከዚያ ካሜራው 1/50 ላይ ሲሆን በአንድ ፍሬም በትክክል ሁለት ሙሉ ስካን ይገባል፤ አምፖሉም ጸጥ ይላል። ለዶስ ጽሑፍ ይህ አይሠራም፤ እሱ 70 ኸርዝ ላይ የተቸከለ ነው። ለእሱ ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየሪያና ርካሽ የዩኤስቢ ካፕቸር መጠቀም ይሻላል፤ ርካሽ መቀየሪያ 720 ነጥብ የሆነውን ስፋት 640 ነው ብሎ ፊደሉን ሊያደበዝዝ እንደሚችል እያወቁ። ሞኒተሩን ከፍቶ ውስጡን ማሳየት ግን ለሚያውቀው ብቻ ይተው፤ ከተነቀለ በኋላም ቱቦው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቢጫውን ፕላስቲክ ማንጣት ተመልካች ይወዳል። የፀጉር ቀለም ዕቃ ከሚሸጥበት ባለ 40 ቮልዩሙ ክሬም፣ ማለትም 12 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለው፣ ይቀባና በፌስታል ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ጓንት ግድ ነው። ክሬሙ ከደረቀ ዥንጉርጉር ይሆናል፣ ቢጫውም ከጊዜ በኋላ ይመለሳል። አንዴ ሠርቶ መተው ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሌላ ገበያ አለ። ፋብሪካ ውስጥ ዲዛይኑን ወይም ፕሮግራሙን በፍሎፒ የሚቀበል አሮጌ ማሽን ሊኖር ይችላል፤ የጥልፍና የብረት መቁረጫ ማሽኖች በዚህ ይታወቃሉ። ፍሎፒው ሲሞት ማሽኑ ይቆማል። ጎቴክ የተባለው የፍሎፒ ተተኪ፣ ፍላሽፍሎፒ የተባለው ሶፍትዌር ተጭኖበት፣ ያንኑ ባለ 34 ፒን ኬብል ተቀብሎ ከፍላሽ ያነባል። ግን ሁሉም ማሽን 1.44 ሜጋባይት አይጠቀምም፤ 720 ኪሎባይት ወይም አምራቹ ብቻ የሚያውቀው አቀራረብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎቴኩ ከመግባቱ በፊት ያሉት ፍሎፒዎች በሙሉ ግሪስዊዝል በተባለው የፍሎፒ መገልበጫ ይገለበጡ። የመምረጫ ጃምፐሩ ከተሳሳተ ማሽኑ ጎቴኩን አያየውም፤ ዕቃው ተበላሸ ብሎ መመለስ አያስፈልግም።

ዋጋ ሲወጣ ምርመራና ማውጣት ተለያይተው ይጠየቁ። የምርመራው ትንሽ ይሁንና ውጤት ኖረም አልኖረም ይከፈል፤ የማውጣቱ ደንበኛው ፋይሉን በዓይኑ አይቶ ካረጋገጠ በኋላ። ቀረጻውም ከዚያው ውል ውስጥ ይግባ። ቁጥር 1321/2016 የሆነው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ሥራ ላይ ነው። ከአንድ ጽሕፈት ቤት ዲስክ ላይ የወጣ ስም፣ ፊርማ ወይም የሕክምና ካርድ ለአፍታም ቢሆን ስክሪን ላይ መታየት የለበትም። ለቪዲዮው ሲባል በዚያው ፎንት የተጻፈ የራስ ሰነድ ይዘጋጅ። የደንበኛው ግልባጭም ከተረከበ ከስንት ቀን በኋላ ከጠጋኙ ኮምፒውተር እንደሚጠፋ በጽሑፍ ይቀመጥ።