ለማጁ መቼ ነው መካኒክ የሚሆነው?

ድሬዳዋ ላይ ፎርማንና ለማጅ ሲጣሉ ሰፈሩ የሚያወራው ስለ ጥፊው ነው። ማን መታ፣ ማን ተሳደበ፣ ማን ቱታውን አውልቆ ወርውሮ ወጣ። ዘንድሮ ከጀርመን ለእረፍት ስመጣ አጎቴ ጋራዥ የጠበቀኝ ወሬም ይኸው ነበር። ጥፊው ያስቆጣል፤ አላቃልለውም። እኔን ግን ከጥፊው በላይ የገረመኝ፣ ልጁ ልምምዱን መቼ እንደሚጨርስ የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። አጎቴን ስጠይቀው "ልጄ እኮ ነው፣ ምን መጨረስ አለ?" አለኝ። ፎርማኑ "ገና ነው" አለ። ልጁ ሳቀና ወደ ሥራው ዞረ።

ጋራዡ ሳቢያን ነው፤ የቤተሰብ ነው። ባለቤቱ አጎቴ፣ ፎርማኑ የአጎቴ ሚስት ወንድም፣ ገንዘብ የምትይዘው የአጎቴ ሴት ልጅ። ልጁ ደግሞ ከጨርጨር በኩል "አደራ፣ ሙያ አስይዙልኝ" ተብሎ የመጣ የሩቅ ዘመድ ነው። የሚያድረው እዚያው ጋራዥ፣ ምሳው ከአጎቴ ቤት፣ ልብሱ በዓል ሲመጣ። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። ደስ ያለው ደንበኛ ኪሱ የሚከትለት አለ፣ አጎቴም እጁ ሲፈታ ይሰጠዋል። እንዲህ ባለ ቤት ጠብ ሲነሣ አሠሪና ሠራተኛ ተጣሉ አይባልም፤ ያጎረሰህን ደፈርክ ነው የሚባለው። ልጁ ስለ ገንዘብ ቢናገር ውለታ ቢስ ይሆናል፤ ስለዚህ አይናገርም። ኩርፊያው የሚወጣው በሌላ በኩል ነው፦ ቁልፍ ጠፋ፣ ሻይ ዘገየ፣ ባጃጁ ሳይታጠብ ለባለቤቱ ተሰጠ።

እኔ ስደርስ የአጎቴ ሚስት ልጁን አባብላ መልሳዋለች። ከፎርማኑ ጋር ግን ከትእዛዝ በቀር አይነጋገሩም። አንድ ጠዋት አንዲት ፔጆ 404 መጣች። (እነዚህን መኪናዎች ዛሬም ታክሲ ሆነው ለማየት ድሬና ሐረር መምጣት ነው።) ሚኒሞ አልይዝ ብላለች፤ ባለታክሲው እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሣ ድርግም ትላለች። ፎርማኑ የአየር ማጣሪያውን አነሣ፣ ካቻቢቴ ተቀበለ፣ ካርቡራተሩ ላይ አጎነበሰ። ልጁም ከጎኑ አጎነበሰ። ይሄኔ ነው "ሂድ ሻይ አምጣ" የተባለው። ሲመለስ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይሠራል፣ ኮፈኑ ተዘግቷል፣ ፎርማኑ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ሻዩ ተጠጣ። ጥፊውን ያመጣውም ቃል "አቦ፣ እኔ ሻይ ላመላልስ ነው እንዴ የመጣሁት!" የሚል ነበር አሉ።

ፎርማኑን ክፉ ነው ብዬ ለማለፍ አልቸኮልኩም። ለብቻችን ስንሆን ነገረኝ። ከዚህ ልጅ በፊት ሌላ ነበረ፤ ከባዶ አንሥቶ አስተማረው፣ እንደ ልጁ አየው። ልጁ እጁ ሲፈታ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ከፈተ፤ ግማሹን ደንበኛ ይዞ፣ በቅናሽ ዋጋ። "አመድ አፋሽ አድርጎኝ ሄደ" አለኝ፣ "እና ሁለተኛ ልድገመው?" መልስ አልነበረኝም። ካርቡራተሩ ላይ የሚያጎነብሰው በትከሻው ሸፍኖ ነው፤ የሚሸፍነው ከልጁ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ ነው።

አሁን ወደ ጀርመን። እዚያ ሙያውን የተማርኩበት ቤትም የቤተሰብ ነበር። አባትዬው ማይስተር (የሙያው ከፍተኛ ማዕረግ ያለው ባለሙያ)፣ ወንድ ልጁ አሠልጣኝ፣ እናትዬው ቢሮ። ከእኔ ጋር አንድ የዚያው አገር ልጅ ይሠለጥን ነበር፤ ከአሠልጣኙ ጋር ከመጀመሪያው አልተጣጣሙም። መኪና ሲያሳጥቡት ይውላል፣ ቅዳሜ ደግሞ የቤታቸውን ሣር እንዲያጭድ ይጠሩታል። ልጁ እናቱ ዘንድ ሄዶ አላለቀሰም። ስልክ ደውሎ ለእደ ጥበብ ምክር ቤቱ፣ የሙያ ሥልጠናውን ለሚቆጣጠረው ተቋም፣ ነገረ። ምክር ቤቱ ለዚሁ የተመደበ አማካሪ አለው፤ ሥራው ሠልጣኝና አሠልጣኝ ሲጋጩ መካከል መግባትና ቤቱ በአግባቡ ማሠልጠኑን ማየት ነው። ሰውየው መጣ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ሰማ፣ ከዚያ የልጁን የሥራ ማስታወሻ ደብተር ጠየቀ።

ይቺ ደብተር ተራ ነገር ትመስላለች። ሠልጣኙ ምን እንደሠራና ምን እንደተማረ ይጽፍባታል፣ አሠልጣኙ ይፈርምባታል። የእኛ አሠልጣኝ ሳያነብ የሚፈርም ሰው ነበር። አማካሪው ገለጠና ገጽ በገጽ "መኪና ማጠብ፣ መኪና ማጠብ፣ ግቢ መጥረግ" የሚለውን ከነፊርማው አነበበለት። የአገሩ የሙያ ሥልጠና ሕግ ሠልጣኝ ለሥልጠናው የሚጠቅመውን ሥራ ብቻ እንዲታዘዝ ያዛል፤ መሣሪያውም በነፃ ይሰጠዋል። የሣር ማጨዱ ነገር ያን ዕለት አበቃ። ከዚያ በኋላ ባይስማሙ ቀጣዩ በር የሽምግልና ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴ ባለበት ሙያ ወደ ሥራ ፍርድ ቤት የሚኬደው እሱን አልፎ ነው። ማባረርም እንዲሁ በቀላሉ አይሆንም። የሙከራው ጊዜ ቢበዛ 4 ወር ነው፤ እሱ ካለፈ አሠሪው ከባድ ምክንያት በጽሑፍ ሳያቀርብ ልጁን ማስወጣት አይችልም።

አገር ቤት ይህን ሳወራ "ፈረንጅ ሰው አክባሪ ነው" የሚለኝ ይበዛል። አይደለም። እዚያም ጌታው ለማጁን "በአባት ወግ" የመቅጣት መብት በሕግ ተጽፎለት ነበር፤ የተሰረዘው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬ አያቶች ጥፊውን ቀምሰው ነው ያደጉ። የለማጅ ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ የተወሰነውም ገና በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ጊዜ ለመጀመሪያው ዓመት በወር 515 ዩሮ ነበር። ነገሩ ከጠባይ የመጣ ቢሆን ኖሮ ሕግ ባላስፈለገ።

ደግሞ የፎርማናችን ፍርሃት እዚያ መልስ አለው፤ ዋናው ጉዳይ ይሄ ይመስለኛል። ጀርመን ውስጥ የመኪና ጥገና ጋራዥ ለመክፈት በመርህ የማይስተርነት ማዕረግ ይጠይቃል። ልጁ ሥልጠናውን ሲጨርስ በወሩ ማዶ ሄዶ ሊከፍት አይችልም። የመካኒክነቱ ሥልጠና ራሱ 3 ዓመት ተኩል ነው፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሉ ላይ ተጽፏል። የሚፈትነውም ያስተማረው ሰው አይደለም፣ ከውጭ የሚመጣ የፈተና ቦርድ ነው። ስለዚህ ካርቡራተሩን የደበቀ አሠልጣኝ የሚያዋርደው ራሱን ነው፤ ልጁ ቢወድቅ "የማን ቤት ነው ያሠለጠነው?" መባሉ አይቀርም። የጀርመኑ አሠልጣኝ ሙያውን የሚሰጠው ከእኛ ሰው የበለጠ ቸር ሆኖ ሳይሆን ቢሰጥ ስለማይከስር ነው።

የዚያውም ጉድለት አለው። እኔ የተማርኩበት ቤት ጠብ በደብተር ተፈታ እንጂ ሁለቱ ሰዎች አልታረቁም። እስከ መጨረሻው "ደህና አደርክ" እየተባባሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይበሉ ቆዩ፤ ልጁ በኋላ ውሉን አፍርሶ ሌላ ጋራዥ ገባ። እንዲህ ያለው ብዙ ነው፤ ከሥልጠና ውሎቹ ከሩብ በላይ የሚሆነው ጊዜው ሳይደርስ ይፈርሳል። ልጁ ከሄደ በኋላ ስሙን ያነሣ ሰው አልሰማሁም። ድሬ ቢሆን ቢያንስ ወንድሙ ሰርግ ላይ ይጠሩት ነበር።

አጎቴ ጋራዥ ሁለተኛ ለማጅ አለ፤ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የተላከ። ይሄኛው ወረቀት አለው፣ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ የሚከታተል መምህር አለው፣ ከፊቱም ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ማንም አይመታውም። ሻይም አያመጣም። ችግሩ፣ የሚያስተምረውም የለም። እንደ እንግዳ ወንበር ተሰጥቶት ይውላል፤ ፎርማኑ "የመንግሥት ልጅ" ይለዋል። በጥፊ ያደገው የጨርጨሩ ልጅ ሞተር በጆሮው አዳምጦ የትኛው ኩሽኔታ እንዳለቀ ይነግርሃል። ወረቀት ያለው ዳዶ ሲያጠብቅ እጁ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱ በራሱ ሙያ አያስተላልፍም፤ ይህን ሳላይ ቀርቼ ቢሆን "ውል ይጻፍ" ብዬ ብቻ እመለስ ነበር።

ሽምግልናው ከሰዓት ሆነ፤ ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ በዚያ ሙቀት ብረት የሚነካ የለም። አጎቴ ቤት ፍራሽ ተነጠፈ፣ ጫት ተቀነጠሰ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ፎርማኑ ስለ ጥፊው ተወቀሰ፣ አቀረቀረ። ልጁ ስለ ምላሱ ተወቀሰ፣ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹን እንደ ድሬ ልጅ ሁሉ አንተ እያለ ነው ያናገራቸው፤ ሸገር ቢሆን ለዚህ ብቻ ሌላ ሽምግልና በተጠራ ነበር። ተመራረቁ፣ ሁለቱ ተቃቀፉ፣ ፎርማኑ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ግን ልጁ የተመለሰው ወደዚያው ቦታ ነው። ስለ ካርቡራተሩ የተነገረ ነገር የለም። ደሞዝ አልተነሣም። መቼ እንደሚያበቃም አልተነሣም። ሽማግሌዎቻችን ሰውን ከሰው ለማስታረቅ ወደር የላቸውም፤ ሰውየውን ያጣላውን ነገር ግን እንደ ነውር አይነኩትም። እኔ ልነካው ሞከርኩ። አንደኛው ወዲያው "ጀርመን ጀርመን አትበልብን" አሉኝ። "የአገራችንም ሕግ ነው" አልኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ስለ ሙያ ለማጅ የራሱ ክፍል አለው፤ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ክፍያውም እንዲገለጽበት፣ ሲያልቅም ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ይላል። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ "ከዘመድ ጋር ውል?" አለኝ። እንደ ስድብ ነው የሰማው።

ነገሩን ያነሡት ዝም ብለው የቆዩት ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ። ድሬ የተቆረቆረችው ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ነው፤ ከብዙ ቤት አንድ ሰው በባቡሩ ወርክሾፕ አልፏል። እሳቸው ገና ልጅ ሆነው ሲገቡ አንድ ቁራጭ ብረትና ሞረድ ሰጥተው አራት ማዕዘን አስተካክል እንዳሏቸው፣ ሲያጠናቅቁ ፈረንሣዩ አለቃ በመለኪያ ለክቶ እንደጣለባቸው፣ እንደገና እንደሠሩ፣ ሲያልፉ ደረጃቸው በመዝገብ እንደተጻፈ አወሩ። "አለቃው ይሳደብ ነበር" አሉ፣ "ግን ስታልፍ አልፈሃል ነው። ነገ ተነሥቶ አላለፍክም አይልህም።" ከዚያ ወደ ፎርማኑ ዞረው "ይሄ ልጅ ምን ቢሠራልህ ነው መካኒክ ሆነሃል የምትለው?" ብለው ጠየቁት። ፎርማኑ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ "ሞተር ብቻውን አውርዶ ብቻውን ከሰቀለ" አለ። ከዚያ ቀን በፊት እሱም ቆጥሮት አያውቅም ነበር።

ያን ካለ በኋላ ቀሪው ድርድር ሆነ። የአጎቴ ልጅ፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ ከጓዳ ወጥታ ለልጁ በየሳምንቱ የተቆረጠ ነገር ይሰጠው ብላ ሐሳብ አቀረበች፤ እንዲያውም የባጃጁ ሥራ ለብቻው ይሰጠውና ከገቢው ይካፈል አለች። አጎቴ በዚህ አልተከፋም፤ ባጃጅ እሱንም ያሰለቸዋል። ልጁ ሲወጣ ሳቢያን ውስጥ እንዳይከፍት ቃል ይግባ የሚለውም ተነሣ። እኔ በዚህ አልተስማማሁም፤ ልጁ ሌላ የት ይሂድ? ጡረተኛው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ባጃጅ ላይ ይቆይ፣ ከዚያ የፈለገበት ይክፈት ብለው አቀለሉት።

ፎርማኑ ቅር ያለው እስከ መጨረሻው ነበር። ሁሉም ስለ ልጁ ሲነጋገር ቆይቶ "እኔስ? ሳስተምር የሚባክነውን ሰዓት ማን ይከፍለኛል?" አለ። እውነቱን ነው፤ የሚከፈለው በሠራው መኪና ልክ ነው፣ ካርቡራተሩን ለልጁ እያሳየ የሚያልፈው ሰዓት ከራሱ ኪስ ይወጣል። ሣር አጫጁን ያሠለጠነው የጀርመኑ ሰው ቢያስተምርም ባያስተምርም የወር ደሞዙ አይነካም ነበር። አጎቴ እስከ መስቀል ላስብበት ብሏል። ሞተሩን በተመለከተ ግን ተስማምተዋል፤ አንድ አሮጌ የቶዮታ ሞተር ከጋራዡ ጥግ ተጎትቶ ወጥቷል፣ ልጁ ከሰዓት በኋላ ማንም በሌለበት እሱን እየፈታ ነው።